የአማርኛ ግስ የድርጊትን መፈጸምና አለመፈጸም የሚገልጽበት መንገድና የአሰያየሙ ታሪክ

በአማርኛ ሰዋስው መማሪያ መጻሕፍት ስለ ግስ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጊዜን በሦስት በመክፈል ነው። ይኸውም ያለፈው «ኀላፊ»፣ ያለንበት «የአሁን»፣ የሚመጣው ደግሞ «የትንቢት» ጊዜ ይባላል። ክፍፍሉ ለአእምሮ የቀለለ በመሆኑ ልጆች ፈጥነው ይይዙታል። ችግሩ የሚገለጠው ተማሪው ከሰንጠረዡ ወጥቶ በየዕለቱ የሚናገረውን ቋንቋ በዚያው ሰንጠረዥ ለመለካት በሚሞክርበት ጊዜ ነው። «ከበደ ወንበር ላይ ተቀምጧል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በየትኛው ጊዜ እንደተነገረ ቢጠየቅ፣ መጽሐፉ የሚጠብቅበት መልስ «የቅርብ ኀላፊ» የሚል ነው። ተማሪው ግን ከበደን በዐይኑ እያየው ነው፤ ከበደ በዚህች ደቂቃ ወንበሩ ላይ አለ። ስለዚህ «የአሁን ጊዜ» ብሎ ቢመልስና ኤክስ ቢሰጠው፣ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ለማስረዳት መምህሩ ራሱ ይቸገራል።

የዚህ ችግር ሥር ያለው በአሰያየም ታሪክ ውስጥ ነው። የአማርኛ ግስ በቅርጹ አስቀድሞ የሚለየው ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን ሲሆን፣ «መቼ» ለሚለው ጥያቄ በአብዛኛው መልስ የሚሰጠው በረዳት ግስ፣ እንደ «ትናንት»ና «ነገ» ባሉ ቃላትና በንግግሩ ዐውድ አማካይነት ነው። ለቅርጾቹ የወጡላቸው ስሞች ግን በአብዛኛው የጊዜ ስሞች ሆነው ቈይተዋል። ስሙና ሥራው እንዴት እንደተለያዩ ለመረዳት ከቅኔ ቤት መነሣት ያስፈልጋል።

«ሰዋስው» በግእዝ መሰላል ማለት ነው። የግብጽ ክርስቲያኖችም የቅብጥን ቋንቋ ለማስተማር በዐረብኛ ያዘጋጇቸውን መጻሕፍት «ሱለም» ይሏቸው ነበር፤ የዚህም ቃል ትርጉም መሰላል ነው። የአገራችን የሰዋስው መምህራን ግስ ሲያረቡ ዐበይት አንቀጾችን በተራ ቍጥር «ቀዳማይ»፣ «ካልዓይ»፣ «ሣልሳይ» እያሉ ይጠሯቸዋል። «ቀተለ» ቀዳማይ፣ «ይቀትል» ካልዓይ፣ «ይቅትል» ሣልሳይ ነው። እነዚህ የቍጥር ስሞች ስለ ጊዜ አንዳች ነገር ስለማይናገሩ የሚሳሳቱበትም ነገር የለም፤ በዚህ ረገድ ከኋለኞቹ ሁሉ የተሻሉ ስሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከእነርሱ ጎን ለጎን ሌሎች ስሞች ገብተው ተለመዱ። ቀዳማዩ «ኀላፊ»፣ ካልዓዩ «ትንቢት»፣ ሣልሳዩ «ዘንድ»ና «ትእዛዝ» ተባለ። ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የተሻገሩትም በተለይ የፊተኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ከሁለቱ ይበልጥ የሚያከራክረው «ትንቢት» የሚለው ነው። በግእዝ «ይቀትል» የሚለው ቅርጽ እንደ አገባቡ «ይገድላል»፣ «ሊገድል ነው»፣ «እየገደለ ነው»፣ አልፎም «ይገድል ነበር» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። የጋራ ጠባያቸው ድርጊቱ ከፍጻሜ ያልደረሰ መሆኑ ነው። ስሙ ግን ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አንዱን ብቻ፣ ማለትም ገና የሚመጣውን መናገርን፣ ነቅሶ አወጣ። መምህራኑ በየዕለቱ በእጃቸው ይዘው የሚያስተምሩት መጽሐፍ የነቢያት መጽሐፍ ስለነበረ ይህን ስም መምረጣቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ እነዚሁ ሊቃውንት ነቢያት ወደ ፊት የሚሆነውን ነገር ብዙ ጊዜ በ«ትንቢት» ቅርጽ ሳይሆን በ«ኀላፊ» ቅርጽ እንደሚናገሩ ጠንቅቀው ማወቃቸው ነው። ነገሩ ገና ያልደረሰ ቢሆንም በተናጋሪው ዘንድ የተቈረጠና ያለቀ ስለሆነ በተፈጸመ ቅርጽ ይነገራል። ይህ የትርጓሜ ቤት ዕውቀት ግሱ በመጀመሪያ የሚገልጸው ምን እንደሆነ በሚገባ ያመለክት ነበር፤ ወደ ሰዋስው ስያሜ ግን አልተሻገረም።

ይህ የመጽሐፍ ቋንቋ ልማድ ብቻ አይደለም። በአማርኛም ከቤት የሚወጣ ሰው፣ ገና እግሩ ከደጃፉ ሳይርቅ፣ «መጣሁ» ይላል፤ ተመልሼ እመጣለሁ ማለቱ ነው። የራበው ሰው «ራበኝ»፣ የደከመው «ደከመኝ»፣ የተነገረውን የተረዳ «ገባኝ» ይላል። ሁሉም በቅርጽ «ኀላፊ» ናቸው፤ ረኀቡም ሆነ ድካሙ ግን አላለፈም። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ስለ አንዲት ያለፈች ሴት የሚተርክ ሳይሆን በማንኛውም ዘመን ስለሚሆን ነገር የሚናገር ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ተናጋሪው ድርጊቱን ወይም ወደ ሁኔታው መግባትን ከውጭ ሆኖ እንደ አንድ ሙሉ ነገር መመልከቱ ነው። ይህ አመለካከት ከአሁን፣ ካለፈውም፣ ከሚመጣውም ጊዜ ጋር ሊገጥም ይችላል።

ከጥንቱ ስያሜዎች ሁሉ ማለፊያ የሆነው «ቦዝ» የሚለው ነው። ዐረፍተ ነገርን የሚዘጋው ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ሲባል፣ ማሰር የማይችለው፣ ሥራ ፈትቶ ሌላውን የሚጠብቀው «ቦዝ አንቀጽ» ይባላል። «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቍርሱን በልቶ ወጣ» ሲባል ሦስቱ ቦዞች ያለ «ወጣ» ሊቆሙ አይችሉም። መጨረሻው «ይወጣል» ወይም «ይውጣ» ቢሆን፣ የፊተኞቹ ሦስቱ ቅርጻቸውን አንዳች ሳይለውጡ ወደ መጪው ጊዜ ወይም ወደ ትእዛዝ ይሸጋገራሉ። ቦዝ በራሱ ጊዜ የለውም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መብላቱ መውጣቱ ከመድረሱ በፊት ማለቁን ነው። መፈጸም ከጊዜ ተለይቶ በራሱ የሚቆም ሐሳብ መሆኑን ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የአማርኛ ግስ በአውሮፓውያን እጅ የተጻፈበት ታሪክ የሚጀምረው በአንድ ኢትዮጵያዊ መነኵሴና በአንድ ጀርመናዊ ሊቅ መካከል በተደረገ የቋንቋ ሥራ ነው። የአማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1652 ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄደው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ ሠሩ። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ የተሳፈሩበት መርከብ ተሰብሮ ሕይወታቸው አለፈ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዐይኑ ሳያይ፣ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1698 የመጀመሪያውን የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ፍራንክፈርት ላይ በላቲን ቋንቋ አወጣ። በዚያን ዘመን ማንኛውም የአውሮፓ ሊቅ የማያውቀውን ቋንቋ ሲጽፍ መለኪያው ያደረገው ላቲንን ነበር፤ በላቲን ትምህርት ቤትም ግስ የሚከፈለው አስቀድሞ በጊዜ ነው። የሚገርመው፣ የሮማው ሊቅ ቫሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው ምዕተ ዓመት የላቲንን ግስ ራሱን በተፈጸመና ባልተፈጸመ ከፍሎ ማሳየቱ ነው። ይህን ግን የኋለኛው ትምህርት ቤት ከቁም ነገር አልቈጠረውም።

በ1842 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ባልደረባ የነበረው ካርል ኢዘንበርግ በለንደን ሌላ የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ኢዘንበርግ ከሉዶልፍ የሚለየው በትግራይና በሸዋ ኖሮ ቋንቋውን ከተናጋሪዎቹ አፍ መስማቱ ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ሃይንሪሽ ኤዋልድ የተባለው ጀርመናዊ የዕብራይስጥ ሊቅ ሁለቱን የዕብራይስጥ የግስ ቅርጾች «ያለፈ»ና «የሚመጣ» ብሎ መጥራት ስሕተት መሆኑን፣ «የተፈጸመ»ና «ያልተፈጸመ» ሊባሉ እንደሚገባ አስተማረ። ደቀ መዝሙሩ አውጉስት ዲልማን በ1857 ባወጣው የግእዝ ሰዋስው ይህንኑ አካሄድ ወደ ግእዝ አመጣው። ስለዚህ በቅኔ ቤት «ትንቢት» ይባል የነበረው ቅርጽ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች «ያልተፈጸመ» ተብሎ መጠራት ጀመረ። ፍራንስ ፕሬቶሪዩስ በ1879 ሃለ ላይ ያሳተመው ሰፊ የአማርኛ ሰዋስው በዚህ የሴማውያን ቋንቋዎች ጥናት መንፈስ የተጻፈ ነው።

ነገሩን ከሁሉ አስፋፍቶ የመረመረው ፈረንሳዊው ማርሴል ኮኸን ነው። ኮኸን በ1910 እና በ1911 ኢትዮጵያ ውስጥ ጥናት ካካሄደ በኋላ በ1924 ስለ ሴማውያን ቋንቋዎች የግስ ሥርዐትና ስለ ጊዜ አገላለጽ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ጥያቄው እነዚህ ቋንቋዎች ጊዜን በቅርጽ ሳይለዩ እንዴት ይግባባሉ የሚል ሲሆን፣ አማርኛ በመልሱ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ አለው። ምክንያቱም አማርኛ በጥንቱ የመፈጸምና ያለመፈጸም ክፍፍል ላይ ረዳት ግሶችን እየደረበ ጊዜን ለመግለጽ የራሱን አዲስ መንገድ የሠራ ቋንቋ ስለሆነ ነው። በ1936 ያሳተመው ትልቁ የአማርኛ ሰዋስውም ይህንኑ በዝርዝር ያብራራል።

ይህ አዲስ መንገድ እንዴት እንደተሠራ በአማርኛው ቃል ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል። «ይነግራል» የሚለው ቃል ሁለት ቃላት የተጋቡበት ነው፤ ያልተፈጸመው «ይነግር»ና «አለ»። «ነግሯል» ደግሞ «ነግሮ» ከሚለው ቦዝና ከዚያው «አለ» የተገኘ ነው። ማስረጃው «ትነግሪኛለሽ» በሚለው ቃል ውስጥ ጐልቶ ይገኛል። ቃሉ ሲፈታ «ትነግሪ»፣ «ኝ»፣ «አለሽ» ይሆናል። ተናጋሪዋ ሴት ሁለት ጊዜ፣ በፊትም በኋላም ተጠቅሳለች፤ ተቀባዩን የሚያመለክተው «ኝ»ም በሁለቱ መካከል ተቀምጧል። አንድ ግስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ለመጥቀስ ባላስፈለገው ነበር። ይህን ፍቺ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለአምስተኛ ወይም ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ ማሳየት ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሰንጠረዥ ከማስጠናትም ይልቅ ጆሮውን ያነቃዋል።

ረዳቶቹ ራሳቸውም ታሪክ አላቸው። «አለ» በቅርጹ እንደ «ሰበረ» ያለ የተፈጸመ ቅርጽ ሆኖ ሳለ የሚናገረው አሁን ስለ መኖር ነው፤ ሥሩም የግእዙ «ሀለወ» ወይም «ሀሎ» ነው። «ነበረ» በግእዝ «ተቀመጠ» ማለት ሲሆን፣ «መንበር» እና «ወንበር» የሚሉት ቃላት የዚያው ሥር ልጆች ናቸው። ስለዚህ «በልቶ ነበር» የሚለው አነጋገር በጥንተ ትርጕሙ «በልቶ ተቀመጠ» ከሚለው ብዙም የራቀ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቋንቋው ጊዜን የሚያመለክትበትን መሣሪያ ያበጀው መኖርንና መቀመጥን ከሚገልጹ የዘወትር ቃላት ነው።

«አለ» ሁልጊዜ ከግሱ ጋር አልነበረም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከነበሩት ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተዘመሩትና ኢግናዚዮ ጕዊዲ በ1889 ያሳተማቸው የጥንት አማርኛ መወድሶች፣ ያልተፈጸመው ቅርጽ ያለ «አለ» ዐረፍተ ነገር ሲዘጋ ያሳያሉ። የዚህ ርዝራዥ በዛሬ አንደበትም አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ የሚያበቃው «ያስር» ብሎ ነው፤ ዛሬ አንድ ሰው ያንኑ ሐሳብ በራሱ ቃል ቢናገር «ያስራል» ማለቱ አይቀርም። ምሳሌያዊ አነጋገር ቃሉ ሳይለወጥ ከአፍ ወደ አፍ ስለሚተላለፍ የቀድሞውን ቅርጽ ጠብቆ አቈየው። በተመሳሳይ መንገድ «የሚሰብር»፣ «ሲሰብር»፣ «ቢሰብር»፣ «አይሰብርም» በሚሉት ሁሉ «አለ» አልገባም። አዲሱ ቅርጽ የያዘው ዋናውንና አዎንታዊውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የተቀረው ሁሉ እንደ ጥንቱ ቀረ።

በዚህ ለውጥ አንድ ነገር ጠፋ። በግእዝ «ሀሎ» ካልተፈጸመው ቅርጽ ጋር ሲገባ በመካሄድ ላይ ያለውን ወይም ሊሆን የተቃረበውን ድርጊት ሊያመለክት ይችል ነበር። በትግርኛ ዛሬም «ይመጽእ ኣሎ» ማለት «እየመጣ ነው» ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት አልተዋሐዱም፤ የመካሄድ ትርጕማቸውም አልጠፋም። በአማርኛ ግን ያው አነጋገር «ይመጣል» ሆኖ ተዋሐደና ትርጕሙ ሰፋ፤ «በየቀኑ ይመጣል»ም «ነገ ይመጣል»ም ሊባልበት ቻለ። ሁሉንም የሚል ቃል ደግሞ አንዱን ለይቶ ማመልከት ስለሚሳነው፣ በዚህ ደቂቃ በመካሄድ ላይ ላለው ድርጊት ሌላ አነጋገር አስፈለገ። ይህን ክፍተት የሞላው «እየ» ነው።

«እየ» በስም ላይ ሲጨመር ማከፋፈልንና መደጋገምን ያመለክታል፤ «እየቤቱ»፣ «እየዓመቱ» እንደሚባለው። በግስ ላይ ሲጨመር የሚቀመጠው በተፈጸመው ቅርጽ ላይ ነው፤ «እየሰበረ»፣ «እየወደቀ» ይባላል እንጂ ባልተፈጸመው ቅርጽ ላይ አይገባም። የተፈጸመ ቅርጽ በመካሄድ ላይ ያለን ድርጊት ሊገልጽ የቻለው በመደጋገም ሐሳብ በኩል መሆን አለበት። «እየወደቀ ተነሣ» ሲባል መውደቁ ብዙ ጊዜ የተፈጸመ፣ ሆኖም ያላቋረጠ ነው። ከዚያ ወደ «እየሠራ ይዘፍናል»፣ ቀጥሎም «ነው»ን አክሎ ወደ «እየሠራ ነው» መሻገር ረጅም መንገድ አይደለም። በጽሕፈት ቤት አማርኛ የተወደደው «በመሠራት ላይ ይገኛል» የሚለው አነጋገር ለዚሁ ክፍተት የተበጀ ሌላ መሙያ ነው፤ ቃሉ ይበዛል እንጂ ትርጕሙ ከ«እየተሠራ ነው» አይበልጥም።

ወደ ከበደ ወንበር ሲመለሱ ነገሩ አሁን ግልጽ ይሆናል። «ተቀመጠ»፣ «ቆመ»፣ «ተኛ»፣ «ለበሰ»፣ «ያዘ» የሚሉት ግሶች የሚናገሩት ወደ አንድ ሁኔታ ስለ መግባት ነው። መግባቱ ሲፈጸም ሁኔታው ይጀምራል። ስለሆነም «ተቀምጧል» የሚለው ቃል መቀመጡ መፈጸሙንና ከዚያ የተነሣው ሁኔታ አሁን መኖሩን በአንድነት ይናገራል፤ ይህንንም «ተቀምጦ» እና «አለ» የሚሉት ሁለቱ ክፍሎቹ በግልጽ ያሳያሉ። «የቅርብ ኀላፊ» የሚለው ስም ከሁለቱ የመጀመሪያውን ብቻ አየ፤ ተማሪው ደግሞ ሁለተኛውን አየ። «እየተቀመጠ ነው» ቢባል ግን ከበደ ጕልበቱን አጥፎ ወደ ወንበሩ ዝቅ በማለት ላይ ነው፤ ገና አልተቀመጠም።

ይህ ልዩነት በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ብዙ ያሳስታል። በ«ኢንግ» የሚያልቀው የእንግሊዝኛ ግስ በመካሄድ ላይ ያለ ድርጊት ይገልጻል ተብሎ ስለሚጠና፣ ተማሪው ባየው ቍጥር በ«እየ» ይተረጕመዋል። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ሕፃኑ ተኝቶ፣ አባቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እናቱም ቅርጫት ይዛ ይታያሉ፤ የተማሪው ትርጕም ግን «ሕፃኑ እየተኛ ነው፣ አባቱ ሸሚዝ እየለበሰ ነው፣ እናቱ ቅርጫት እየያዘች ነው» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህን ሲሰማ ጆሮው ይሻክረዋል፤ ለምን እንደሻከረው ግን የጊዜ ሰንጠረዡ አይነግረውም። «ተኝቷል»፣ «ለብሷል»፣ «ይዛለች» ማለት እንደሚገባ ለማስረዳት መምህሩ ሊጠይቅ የሚችለው አንድ ጥያቄ «መግባቱ አልቋል ወይስ አላለቀም?» የሚል ነው።

የሦስቱ ጊዜ ክፍፍል በትምህርት ቤት ሥር የሰደደው ሰዋስው በአማርኛ መጻፍ በጀመረበት ዘመን ነው። በ1948 ዓ.ም. ሁለት ዐበይት መጻሕፍት ታተሙ። አንደኛው በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተዘጋጅቶ ከሞታቸው በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት ለኅትመት የበቃው የግእዝ ሰዋስው፣ ግስና መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው በዐዲስ ሥርዐት» ነው። የፊተኛው የቅኔ ቤቱን ዕውቀት በሙሉ ሸክሙ ለትውልድ ያቈየ ሲሆን፣ የኋለኛው ለዘመናዊ ተማሪ በሚገባ መልክ ተዘጋጅቶ ለብዙ ዘመን መምህራንን አገልግሏል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ከቅኔ ቤት የመጡት ስሞችና ከእንግሊዝኛ ሰዋስው የመጣው ሰንጠረዥ አንድ ላይ ሆነው ቀረቡላቸው። «ኀላፊ»ና «ትንቢት» የሚሉት ነባር ስሞች በአዲሱ ሰንጠረዥ ግራና ቀኝ ዐምድ በቀላሉ ገጠሙ፤ መካከሉን ለመሙላት «የአሁን ጊዜ» ተጨመረ። በዚህም «ይመጣል» የሚለው አንድ ቃል በሁለት ዐምድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለመጻፍ ተገደደ። ከዚያ ወዲህ የጌድዮን ጎልደንበርግ የ1966 የዶክትሬት ጥናት፣ የባዬ ይማም የ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው» እና የቮልፍ ሌስላው ከ1 ሺህ ገጽ በላይ የሆነው የ1995 መጽሐፍ ጥናቱን ብዙ አራምደውታል።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ሲጀምሩ ጥያቄው ሰፋ። በአፋን ኦሮሞ «ዹፌ ጂራ» ማለት «መጥቷል» ማለት ሲሆን፣ «ጂራ» እንደ አማርኛው «አለ» መኖርን የሚገልጽ ግስ ነው። የሥር ዝምድና የሌላቸው ቃላት በአንድ ዐይነት አደራረግ ተገጣጥመዋል። በትግርኛ ደግሞ ቦዙ አይቦዝንም፤ «መጺኡ» ብቻውን ዐረፍተ ነገርን አስሮ «መጥቷል» ማለት ይችላል። ከዚህም የተነሣ በትግርኛ አፉን የፈታ ተማሪ በአማርኛ ጽሑፉ «እንግዳው መጥቶ።» ብሎ አራት ነጥብ ቢያኖር፣ ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ ሳይሆን የራሱን ቋንቋ ሕግ ተከትሎ የሠራው ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር እርማቱን በአንድ ቃል፣ «አማርኛ እዚህ ላይ አለን ይፈልጋል» በማለት ሊጨርሰው ይችላል። መማሪያ መጽሐፉ የአማርኛውን ሰንጠረዥ እንዳለ ወደ ሌላው ቋንቋ ቢያዛውር ግን እንዲህ ያለው ዝምድናም ልዩነትም ይሰወራል።

ጉዳዩ የቋንቋ መምህራን ብቻ አይደለም። በዕቅድና በሪፖርት ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸው ግሶች እነዚሁ ናቸው። «በወረዳው የመማሪያ ክፍሎች ይሠራሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዕቅድ ውስጥ ሲገኝ ስለ መጪው ዓመት፣ በሪፖርት ውስጥ ሲገኝ ደግሞ ስለ ተለመደ ሥራ ወይም በመካሄድ ላይ ስላለ ግንባታ ሊነበብ ይችላል። ቃሉ ያልተፈጸመ መሆኑን እንጂ መቼ መሆኑን አይናገርምና፣ ዓመቱን ወይም ወሩን በቍጥር መጻፍ የጸሐፊው ፈንታ ነው። «ተሠርቷል» የሚለው ግን ሁለት ነገር ያረጋግጣል፤ ሥራው ማለቁንና ውጤቱ አሁን መኖሩን። ከሦስት ዓመት በፊት ተሠርቶ በጎርፍ የፈረሰ ክፍል «ተሠርቶ ነበር» ሊባል ይገባዋል እንጂ «ተሠርቷል» ተብሎ በነባር ክፍሎች ቍጥር ውስጥ ሊገባ አይችልም። «በመሠራት ላይ ይገኛል» የሚለውም በተከታታይ ዓመታት ሪፖርት ላይ ሳይለወጥ ቢደጋገም ሰዋስው አይከለክለውም፤ ያልተፈጸመ ድርጊት ወሰን የለውምና።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው በአሉታው በኩል ነው። «ተሠራ» እና «ተሠርቷል» በአዎንታ ሁለት ሲሆኑ በአሉታ አንድ ናቸው፤ የሁለቱም አፍራሽ «አልተሠራም» ነው። «እየተሠራ ነው» የተባለውም ሥራ ዐምዱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ከሆነ በዚሁ በ«አልተሠራም» ሥር ይወድቃል። ስለዚህ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ መሠረቱ ያልተቈፈረ ትምህርት ቤትና ግድግዳው ቆሞ የጣሪያ ቈርቈሮ ብቻ የሚጠብቅ ትምህርት ቤት በአንድ ቃል ተጠቃለው ሊገኙ ይችላሉ። አማርኛ ለሁለቱ የተለያየ አነጋገር አለው፤ የመጀመሪያው «ገና አልተጀመረም»፣ ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ጥንታዊ ቦዝ ወስዶ «ተሠርቶ አላለቀም» ይባላል።